ክርስቲያናዊ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ

ክርስቲያናዊ ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ በቀድሞ ዘመን የተፈጸመ ተደርጎ የተጻፈን የፍቅር ታሪክ ከባለታሪኮቹ የእምነት ሕይወት ጋር አጣምሮ የሚተርክ የድርሰት ዓይነት ነው። በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ይህ ዘርፍ የተለየ ቦታ አለው። በአማርኛ የታተመው የመጀመሪያው ልብ ወለድ፣ ማለትም በ1900 ዓ.ም. (1908 እ.ኤ.አ.) ሮም ውስጥ የወጣው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ራሱ የዚህ ዓይነት ድርሰት ነው። መጽሐፉ ዛሬ ይበልጥ የሚታወቀው በዋና ባለታሪኳ ስም «ጦብያ» ተብሎ ነው።

ባሕርያት

የዚህ ዓይነት ድርሰት በሦስት ነገሮች ይለያል። አንደኛ፣ ታሪኩ ደራሲው ከሚኖርበት ጊዜ ቀደም ባለ ዘመን ይፈጸማል፤ ጦርነት፣ ምርኮ፣ ስደትና ረጅም መንገድ ብዙ ጊዜ አይጠፉበትም። ሁለተኛ፣ የታሪኩ መንቀሳቀሻ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ፍቅር ሲሆን መድረሻውም አብዛኛውን ጊዜ ጋብቻ ነው። ሦስተኛ፣ እምነት የባለታሪኮቹን ውሳኔ ይለውጣል። ባለታሪኩ ይጸልያል፣ ይፈተናል፣ ይጸጸታል ወይም ያምናል፤ ፍቅሩም ፍጻሜ የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያንና ጸሎት በታሪኩ ውስጥ መጠቀሳቸው ብቻ ድርሰቱን ከዚህ ዘርፍ አያስቆጥረውም፤ እምነቱ ከታሪኩ ቢወጣ ታሪኩ የሚፈርስ መሆን አለበት።

ከልብ ወለድ በፊት የነበረው ንባብ

ልብ ወለድ ከመምጣቱ በፊትም የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ትረካን ከእምነታቸው ጋር ማንበብና መስማት ልማዳቸው ነበር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር በየዕለቱ የሚታሰቡ ቅዱሳንን ታሪክ ያቀርባል። ገድል የአንድን ቅዱስ ሕይወት ከልደት እስከ ዕረፍት ይተርካል። ተአምረ ማርያም ደግሞ በአጫጭር ታሪኮች የተሞላ ሆኖ ለምእመናን ይነበባል።

ከውጭ ቋንቋ ወደ ግዕዝ የተመለሱ ረጅም ታሪኮችም ነበሩ። ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለመሆን የበቁት አባ እንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ.፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ «በርለአምና ይዋሴፍ»ን ከዐረብኛ ተርጉመዋል። ይህ መጽሐፍ አባቱ ከዓለም ስቃይ ሸሽጎ ያሳደገው የንጉሥ ልጅ ከአንድ መናኝ ተምሮ ክርስትናን እንደተቀበለ ይናገራል። በግዕዙ «ዜና እስክንድር» ደግሞ ታላቁ እስክንድር ክርስቲያናዊ ምግባር ያለው ንጉሥ ሆኖ ይታያል። ክብረ ነገሥት የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን መገናኘት የመንግሥትና የእምነት መነሻ አድርጎ ያቀርባል።

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም ጋብቻና እምነት የተጣመሩባቸው ትረካዎች አሉ። መጽሐፈ ሩትና መጽሐፈ አስቴር ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቀኖና ከቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ጦቢትም ምርኮን፣ ሩቅ መንገድንና በጸሎት የተጀመረ ትዳርን የያዘ ነው።

የ«ጦብያ» ደራሲ

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. (1868 እ.ኤ.አ.) በጣና ሐይቅ ዳር በምትገኘው በዘጌ ተወለዱ። ወደ ኢጣሊያ ሄደው በቱሪን ከተማ ሥዕል ተማሩ። ከዚያም በኔፕልስ የምሥራቅ ጥናት ተቋም አማርኛ አስተማሩ፤ የአማርኛ ሰዋስው፣ የመንገደኞች መምሪያና የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ ጽፈው አሳትመዋል።

ሕይወታቸው ብዙ ጊዜ ከመጽሐፋቸው ጋር ተነጻጽሮ ይነሣል። በዐድዋ ጦርነት ጊዜ ከኢጣሊያ ወገን ነበሩ። በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በድሬዳዋ የጉምሩክ ኃላፊ፣ በሮም ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ተወካይ ሆነው አገልግለዋል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ግን ከወራሪው ጋር ሠርተው «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግ ተቀበሉ። ከነጻነት በኋላ በግዞት ወደ ጅማ ተልከው የዓይናቸው ብርሃን ጠፍቶ በ1940 ዓ.ም. (1947 እ.ኤ.አ.) እዚያው ዐረፉ። ምርኮኞች ታማኝነታቸውን እንዴት እንደጠበቁ የሚተርከው መጽሐፍ የእኚህ ሰው ሥራ መሆኑ አንባቢያንን እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

ታሪኩ

ታሪኩ የሚፈጸመው ክርስቲያኖችና አረማውያን በሚዋጉበት፣ ዓመቱ ባልተነገረ የጥንት ዘመን ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ድል ሆኖ ይማረካል፤ ለባርነትም ይሸጣል። ነጻነቱን መልሶ ያገኘው በአንድ ለጋስ ነጋዴ ደግነት ነው። የጦር አለቃው ዋሕድና ጦብያ የሚባሉ፣ መልካቸው እጅግ የሚመሳሰል መንታ ልጆች አሉት። ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ለመመለስ ሊፈልገው ሲወጣ እርሱም በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። አባትና እኅት እርሱን ፍለጋ ይነሣሉ። ጦብያም በመንገድ እንዳትደፈር የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ ትጓዛለች።

በመጨረሻ በአረማዊው ንጉሥ አገር ይደርሳሉ። የንጉሡ ዘመድ የሆነች ወጣት ጦብያን ወንድ መስላት ትወዳታለች፤ ከዚህም ብዙ ጭንቀት ይወለዳል። ምሥጢሩ ሲገለጥ ንጉሡ ራሱ ጦብያን ይወዳል። ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ጦብያን ያገባል፤ ወንድሟ ዋሕድም ያችን ወጣት ያገባል። በጦርነት የተጀመረው ታሪክ በሁለት ጋብቻና በሰላም ይዘጋል።

ፍቅርና እምነት በ«ጦብያ»

የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ ድል የሆነ ሕዝብ እምነቱን ይዞ እንዴት ይኖራል የሚል ነው። የጦር አለቃው በሰይፍ ያላገኘውን ልጁ በጽናቷና በምግባሯ ታገኘዋለች። ማራኪው ንጉሥ በምርኮኛዋ ይማረካል፤ የድሉም አቅጣጫ ይገለበጣል። ነጋዴው ደግ መሆኑ፣ ዋሕድም ውለታ ለመመለስ ሲል መከራ መቀበሉ፣ እምነት በባለታሪኮቹ የዕለት ሥራ ውስጥ የሚገለጥ እንጂ በንግግር ብቻ የሚቀር አለመሆኑን ያሳያሉ።

የታሪኩ ቅደም ተከተልም ከቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ሥርዓት ጋር ይስማማል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በተክሊልና በቁርባን የሚፈጸም ጋብቻ ሁለቱም ተጋቢዎች የተጠመቁ መሆናቸውን ይጠይቃል። ስለዚህ ንጉሡ ማመኑ ከጋብቻው በፊት ይመጣል። ለአንባቢው የሚቀረው ጥያቄ ንጉሡ ያመነው ለእምነቱ ሲል ነው ወይስ ለጦብያ ሲል የሚለው ነው፤ ይህ ጥያቄ ዘርፉ ባለበት ቦታ ሁሉ ይነሣል።

«ጦብያ» የሚለው ስም በሁለት መንገድ ይነበባል። በአንድ በኩል በመጽሐፈ ጦቢት የጦቢት ልጅ ስም ነው። በሌላ በኩል በሕዝብ አነጋገር «ጦቢያ» ኢትዮጵያ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ አንባቢያን ልጅቱን የአገሪቱ ምሳሌ አድርገው ይረዷታል፤ መከራዋን፣ ጽናቷንና በመጨረሻ ያገኘችውን ክብርም የአገር ታሪክ አድርገው ያነቡታል።

መጽሐፉ የሚተችባቸው ነጥቦችም አሉ። ክርስቲያን ያልሆነው ሕዝብ የራሱ ድምፅ የለውም፤ የሚታየውም ከክርስቲያኖቹ ወገን ሆኖ ነው። እምነት ከንጉሥ ወደ ሕዝብ የሚወርድ ትእዛዝ መስሎ መቅረቡ፣ አጋጣሚዎች መብዛታቸውና ባለታሪኮቹ ፍጹም መልከ መልካምና ፍጹም ደግ መሆናቸውም ይነሣሉ። የቋንቋው ሀብትና ውበት ግን በተቺዎቹም ዘንድ ይመሰገናል።

«ልብ ወለድ» የሚለው ቃል

መጽሐፉ ለአማርኛ ካበረከታቸው ነገሮች አንዱ ይህ ስያሜ ነው። «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚለው ርእስ ጽሑፉ ከልብ ማለትም ከሐሳብ የፈለቀ መሆኑን ለአንባቢው ቀድሞ ይነግረዋል። ገድልና ታሪከ ነገሥት እውነተኛ ሆነው ይቀርቡ በነበረበት ባህል ይህ አስፈላጊ ማስታወቂያ ነበር። ቃሉ ከዚያ ወዲህ የድርሰቱ ዘርፍ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል።

ከ«ጦብያ» በኋላ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እምነትን፣ ምክርንና ትረካን ያጣመሩ መጻሕፍት ጽፈዋል። በ1915 ዓ.ም. የወጣው «ወዳጄ ልቤ» የሰውን ሕይወት በመንገድ መስሎ የሚናገር ሲሆን፣ የእንግሊዛዊው ጆን ቡንያን የክርስቲያን ጉዞ ትረካ ተጽዕኖ ይታይበታል። የቡንያን መጽሐፍ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በስዊድን ሚስዮን አማካይነት ወደ አማርኛ ተመልሶ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የታተመው «የልብ አሳብ፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» ደግሞ ትዳርን የታሪኩ ማዕከል አድርጓል። ኅሩይ ከአፈወርቅ የሚለዩት ትኩረታቸውን ከጥንት ጦርነት አንሥተው በዘመናቸው ጎጆ ላይ ማድረጋቸው ነው።

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፍቅርንና እምነትን በሌላ መንገድ አገናኝቷል። በዛብህን ወላጆቹ በልጅነቱ ለእግዚአብሔር ተስለውታል። አድጎ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ የስለቱ ፍርሃት፣ የዘር ልዩነትና የባላባት ኩራት ግን ይለያዩአቸዋል። ሰብለ ወንጌል እንደ ጦብያ ማንነቷን ደብቃ፣ በመነኩሴ ልብስ የወደደችውን ፍለጋ ትወጣለች። የምታገኘው ግን ሊሞት ሲያጣጥር ነው፤ እርሷም መንኩሳ በመቃብሩ አጠገብ ትኖራለች። በ«ጦብያ» እምነት ተዋዳጆቹን ያገናኛል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» በእምነት ስም የገባ ስለት ይለያያቸዋል፤ የሚያጽናናቸውም መልሶ እምነት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበበው የዚህ መጽሐፍ ትረካ ታሪኩን ማንበብ ለማይችሉ ሰዎችም አድርሷል።

በሌሎች አገሮች

ዘርፉ በዓለም የተስፋፋው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ነው። አሜሪካዊው ሉ ዋላስ በ1880 እ.ኤ.አ. «ቤን ሁር»ን አሳተመ። ፖላንዳዊው ሄንሪክ ሲየንኪየቪች በ1896 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ መልክ በወጣው «ኩዎ ቫዲስ» ውስጥ በኔሮን ዘመን አንድ ሮማዊ መኰንን ክርስቲያን የሆነች ወጣት ወድዶ እንደሚያምን ተርኳል፤ የታሪኩ አካሄድ ከ«ጦብያ» ጋር ይቀራረባል። በአፍሪካ የሌሶቶው ቶማስ ሞፎሎ በ1907 እ.ኤ.አ. በሴሶቶ ቋንቋ ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ እግዚአብሔርን ፍለጋ ከአገሩ ስለወጣ ወጣት ይናገራል። ይህ መጽሐፍ የፍቅር ታሪክ ባይሆንም ከ«ጦብያ» አንድ ዓመት ቀድሞ በአፍሪካ ቋንቋ የወጣ ክርስቲያናዊ ልብ ወለድ ነው።

ዛሬ በእንግሊዝኛ በብዛት የሚጻፈው ዓይነት መልኩን የያዘው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የካናዳዊቷ ጃኔት ኦክ የ1979 እ.ኤ.አ. ልብ ወለድ ስለ ሰፋሪዎች ትዳር ይተርካል። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የፍራንሲን ሪቨርስ ሥራ ደግሞ የነቢዩ ሆሴዕን ታሪክ ወርቅ ፍለጋ ሕዝብ ወደ ካሊፎርኒያ በጎረፈበት ዘመን አስቀምጦታል።

ንባቡና የዕለት ተዕለት እምነት

አማኝ አንባቢ እነዚህን መጻሕፍት ከጸሎትና ከቅዱሳት መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲያነብ ሁለቱ የተለያየ ሥራ አላቸው። ውዳሴ ማርያም በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ይጸለያል፤ መዝሙረ ዳዊትም ይደገማል፤ ገድል ሲነበብ ሰሚው በረከት ይጠብቃል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘንድም የግል የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ የራሱ ጊዜ አለው። ልብ ወለድ ከእነዚህ የአንዱንም ቦታ አይይዝም። የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ አንባቢው በሌላ ሰው ፈተና ውስጥ ገብቶ «እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል።

በዘርፉ ላይ የሚነሣው ዋና ስጋት ከፍጻሜው ጋር የተያያዘ ነው። በልብ ወለድ የታገሠ ሰው በመጨረሻው ምዕራፍ ዋጋውን ያገኛል፤ በኑሮ ግን ትዕግሥት ሁልጊዜ በጋብቻና በሀብት አይቋጭም። ትዳርን ከመጽሐፉ ባለታሪክ ጋር እያነጻጸሩ መመዘን፣ ወይም ሌላውን ሰው ለማሳመን ሲባል ጋብቻን መንገድ ማድረግ፣ ከእንዲህ ያለ ንባብ ሊመጣ የሚችል ስሕተት ነው። ሁለተኛው ስጋት ታሪክን ይመለከታል፤ በ«ጦብያ» ያሉት ጦርነቶችና ነገሥታት የደራሲው ፈጠራ ስለሆኑ ለታሪክ ማስረጃ አይሆኑም።

በኢትዮጵያ ሁለቱን ታላላቅ ሥራዎች አጠገብ ለአጠገብ ማንበብ ይህን ሚዛን ያስጠብቃል። «ጦብያ» ጽናት ፍሬ እንደሚያፈራ ተስፋ ይሰጣል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ፍሬው በዚህ ዓለም ሳይታይ ሊቀር እንደሚችል፣ ወላጆች በእምነት ስም የገቡት ቃልም ልጅን ሊጎዳ እንደሚችል ያሳያል።