በሊባኖስ ማን ይቆጠር ነበር?

የአንድ ማኅበረሰብ ደኅንነት በደመወዝ፣ በጤናና በዕረፍት ይለካል። በሊባኖስ የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ግን ለረጅም ዘመን ከመለኪያው ውጭ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው አስቀርቷቸዋል፤ በከፋላ ሥርዓትም የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር ታስሯል።

የካሪታስ ሊባኖስ የስደተኞች ማእከል በ1994 ተቋቁሞ መጠለያ፣ ሕክምናና የሕግ ድጋፍ መስጠት ጀመረ። የሞቱትን በይፋ ለመቁጠር ግን ብዙ ዓመታት ፈጀ። በ2008 ሂዩማን ራይትስ ዎች መረጃ ሰብስቦ፣ ከጥር 2007 ወዲህ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች መሞታቸውን አስታወቀ። ከእነዚህ 40ዎቹ ራሳቸውን እንዳጠፉ ተመዝግቧል። 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ነው፤ ብዙዎቹ ሊያመልጡ ሲሞክሩ። በሕመም የሞቱት 14 ብቻ ናቸው። በሳምንት ከአንድ ሰው በላይ ማለት ነው፤ ደግሞም የብዙዎቹ ዕድሜ የወጣትነት ነበር።

በ2009 አንድ ወጥ የሥራ ውል ወጣ፤ የሳምንት ዕረፍትንም ደነገገ። የተጻፈው ግን በዐረብኛ ነበር፤ ፈራሚዋ አታነበውም።

በሰኔ 2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት አጠገብ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አውርደው ሄዱ። ብዙዎቹ ደመወዛቸውን አልተቀበሉም፤ ሌሊቱንም በእግረኛ መንገዱ ላይ አደሩ።