ለፓርላማ መመረጥ የሚችለው ማን ነው? ወንበሩንስ የሚያሳጣው ምንድን ነው?

ከካልጋሪ፣ ካናዳ

እዚህ ካልጋሪ ሁለት ሦስት ሆነን ቡና ስንጠጣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ምርጫ ላይ ያርፋል። «አገር ቤት ገብቼ ብወዳደርስ?» የሚል አይጠፋም። መልሱን የሚወስነው በኪስ ያለው ፓስፖርት ነውና ሕጉ የሚለውን በአንድ ቦታ ላስቀምጠው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥን መብት የሰጠው ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ነው። ለመምረጥ 18 ዓመት ይበቃል፤ ለእጩነት ግን የምርጫ ሕጉ 21 ይጠይቃል። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1162 እስኪተካ ድረስ የሠራው አዋጅ ቁጥር 532/1999 ደግሞ እጩው የአካባቢውን የሥራ ቋንቋ እንዲያውቅ፣ በምርጫ ክልሉም ሁለት ዓመት የኖረ ወይም እዚያው የተወለደ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ካናዳ ይህን አትጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወግ አጥባቂው መሪ ፒየር ፖሊዬቭ ኦታዋ አጠገብ ያለውን ወንበሩን ባጣ በጥቂት ወራት ውስጥ እዚሁ አልበርታ፣ ባትል ሪቨር-ክሮውፉት ተወዳድሮ ፓርላማ ተመልሷል።

ለእኛ ዋናው እንቅፋት ግን ዜግነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። የካናዳን የዜግነት ቃለ መሐላ የፈጸመ ወገን የመመረጥ መብቱንም ያን ቀን አጥቷል ማለት ነው። የፒአር ካርድ ብቻ የያዘ ግን ዛሬም ኢትዮጵያዊ ነው፤ በዜግነት ምክንያት አይከለከልም። ብዙዎች ተስፋ የሚጥሉበት ቢጫ ካርድም አያድንም፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ባለካርዱ እንዳይመርጥም እንዳይመረጥም በግልጽ ይከለክላል። መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋም፦ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሪያ መሥርቶ፣ የውጭውን ዜግነት ትቶ፣ አመልክቶ መመለስ ይቻላል። የፈረንሳይ ዜግነት የነበረው ስቴፋን ዲዮን ግን ያንን ሳይተው የካናዳን ሊበራል ፓርቲ መርቷል።

ሁለተኛው እንቅፋት ፍርድ ቤት ነው። በሐምሌ 1999 የቅንጅት መሪዎች ዕድሜ ልክ ሲፈረድባቸው የመምረጥና የመመረጥ መብታቸውም አብሮ ተገፍፎ ነበር፤ በቀናት ውስጥ በይቅርታ ወጡ። ከመካከላቸው የነበረችው ብርቱካን ሚደቅሳ በ2011 የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። እሷ የምትመራው ቦርድ በ2013 እስር ላይ የነበሩትን እስክንድር ነጋንና ሌሎች የባልደራስ እጩዎችን አልመዘግብም ሲል የሰበር ችሎት ሽሮበት እንዲመዘገቡ አዘዘ። የታሰረና የተፈረደበት አንድ አይደሉም። በእኔ አስተያየት ከዚያ ምርጫ ሊጠቀስ የሚገባው ትልቁ ፍርድ ይህ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚምታታው ያለመከሰስ መብትና ወንበር ነው። በአንቀጽ 54 አባል በምክር ቤት በሰጠው ድምፅና አስተያየት አይከሰስም፤ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። አመኔታ ያሳጣውን ተወካይ የማውረድ መብትም እዚያው ለመራጩ ተሰጥቷል። ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብትን ሲያነሣ ግን ለክስ በር ከፈተ እንጂ አባልነትን አልሰረዘም። በ1998 መጀመሪያ ወንበራቸውን አንረከብም ባሉት የቅንጅት ተመራጮች ላይ ይህንኑ አድርጓል፤ እስሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በክርስቲያን ታደለ ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። በአብን እጩነት የተመረጠው ክርስቲያን የተያዘው በ2015 ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ ነው። ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብቱን ያነሣው በ2016፣ ሰውየው ወራት ከታሰረ በኋላ ነበር።