የዮፍታሔ ተማሪዎች

ገና ሲቃረብ የመተማ ዮሐንስ ወጣቶቻችን «ዘንድሮ ምን ድራማ እንሥራ?» ብለው ይጠይቁኛል። እንደ ልማዳችን መልሱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ የጠፋው ልጅ፣ ሰብዓ ሰገል፣ ወይም ጠንቋይ ቤት ሄዶ የከሰረ ነጋዴ። ክፋት የለውም። ግን ውድ ወጣቶች፣ በአገራችን ቴአትርን ከመጥፋት ያተረፉት እንደ እናንተ ያሉ ተማሪዎች መሆናቸውን ሰምታችኋል?

በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን የጻፉት በ1910ዎቹ ዓ.ም. ነው። መድረክ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ነበሩ፤ የሚሰማው ግን የባለሥልጣናት ጉቦና ስንፍና ነበር። አዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ሲታይ መኳንንቱ ነገሩ ገባቸው፤ ንግሥት ዘውዲቱም አገዱት። ናታን የበጉን ምሳሌ ሲነግረው ዳዊት ቢያንስ በደሉን አምኗል! እዚህ ግን መድረኩ ለዓመታት ዝም አለ።

ዝምታውን የሰበሩት መምህራን ናቸው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ተወልደው ቅኔ ተምረዋል፤ በኋላም አዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ደግሞ መምህር መላኩ በጎሰው ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከነገሡ ወዲህ ቴአትር እንደገና ሲፈቀድ፣ ተዋናይነት የሚባል ሙያ ገና አልነበረም። ስለዚህ መምህራኑ ተውኔቱን ጽፈው የገዛ ተማሪዎቻቸውን አሰለፉ። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ስለነበረ የሴቷን ድርሻ የሚጫወተው ወንድ ተማሪ ነበር። እኅቶቼ፣ ይህን ስታነቡ ብትስቁ አልፈርድባችሁም።

ዮፍታሔ ከቅኔ ቤት ያመጡት ሰምና ወርቅ በድርሰታቸው ውስጥ ይታያል፤ ግጥሙና ዜማው ብዙ ነው፤ ያንን ሁሉ በቃላቸው የያዙት ልጆች ናቸው። እኔ የሦስት ገጽ ድራማ ለማስጠናት ሁለት ወር ሲፈጅብኝ እነዚያን ተማሪዎች አስባለሁ።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ዮፍታሔም ተሰደዱ፤ የተሰደዱትም ሱዳን ነው። እናንተ ገላባትን ከድልድዩ ማዶ ስታዩ የምታስቡት ገበያውን ይሆናል፤ አለዚያም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚሁ ቆስለው የሞቱትንና ከተማችን በስማቸው የምትጠራውን አፄ ዮሐንስን። እኔ ግን ስደተኛውን መምህር አስባለሁ። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሡ ከእኛ በስተደቡብ በኦሜድላ በኩል አገራቸው ሲገቡ ለስደተኞቹም መንገድ ተከፈተ፤ ዮፍታሔም ተመለሱ። «አፋጀሽኝ» የተባለው ተውኔታቸው ከዚያ የመከራ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው፤ የአገርን ወረራና ሥቃይ በምሳሌ ያሳያል። የዮፍታሔን ስም የሚያውቁ ወጣቶች አጋጥመውኛል፤ ይህን ተውኔት መድረክ ላይ አየሁ ያለኝ ግን የለም።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ስደቱ አቅጣጫውን ለውጧል። ካርቱም ስትነድ ሱዳናውያን በዚሁ ድልድይ ወደ እኛ መጡ፤ ብዙዎቹ በኩመር መጠለያ ድንኳን ውስጥ ከረሙ። ሌላ ጊዜ እኛን ያስጠጋ ሕዝብ ነው።

ሐሳቤን ለአንድ ሽማግሌያችን ስነግራቸው «መንፈሳዊ ነው ወይ?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አምልኮን በቴአትር የመተካት ፈተና እንዳለ አውቃለሁ። እኔም ከሕዝቅኤል ምዕራፍ 12 መለስሁላቸው፤ ነቢዩ የስደተኛ ጓዙን ተሸክሞ በሕዝቡ ፊት ግድግዳ ነድሎ የወጣው እግዚአብሔር አዝዞት ነው፤ ያየው ሕዝብ ትርጉሙን እንዲጠይቅ። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያው መጀመሪያ እኔ ላንብበው» አሉ።

እሳቸው እስኪያነቡ እኛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ጮክ ብለን ማንበብ እንጀምራለን። የሴቷን ድርሻ በዚህ ጊዜ ሴት ልጅ ትጫወታለች። ዓረብኛ የምትችሉ ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ለእንግዶቻችን ከመድረኩ ጎን ቆሞ የሚያስተረጉም ሰው ያስፈልገናል።