«እያወቀ» የምትል ቃል፦ የአሠሪዎች መቀጫ ታሪክ በማሳቹሴትስ

የአንድ የሥራ ሕግ ጠባዩ የሚታወቀው ከቅጣት አንቀጹ ነው። በመግቢያው ስለ ሠራተኛው ክብርና ደኅንነት የሚጻፈውማ ሁልጊዜም ያማረ ነው። ታዲያ አሠሪው ሕጉን ቢጥስ ማን ይከስሰዋል? ከሳሹስ ምን ማስረዳት አለበት? መቀጫውስ ለማን ይገባል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ይዘን የአንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ታሪክ እንመርምር። ማሳቹሴትስን የመረጥነው የአሜሪካ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እንደነ ሎወልና ፎል ሪቨር ባሉ ከተሞቿ ስላደገ፣ ፋብሪካውን የሚገራው ሕግም ቀድሞ እዚያ ስለ ተሞከረ ነው። የአሜሪካውን ታሪክ ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስፍረናል።

በ1836 የወጣው ሕግ፣ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ወር ካልተማረ በፋብሪካ እንዳይሠራ ከለከለ። መቀጫው 50 ዶላር ሲሆን ገንዘቡ ለየከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲውል ተደነገገ። ልጁን ከትምህርት የነጠቀ ለትምህርት ይክፈል ነው ነገሩ። አሳቡ ግሩም ነበር። ይሁንና ፋብሪካ ገብቶ የሚያይ ተቆጣጣሪ አልተሾመም። የክፍለ ግዛቱ የትምህርት ቦርድ ጸሐፊ የነበረው ሆረስ ማን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባቀረበው ሪፖርት፣ በአንዳንድ ቦታ ሕጉ ከነአካቴው ችላ እንደ ተባለ ጻፈ።

በ1842 ደግሞ ሌላ ሕግ ተጨመረ። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ የሚል ነው። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የአሥር ሰዓት ሥራ እንደ ርኅራኄ ይቈጠር ነበር! መቀጫው ያው 50 ዶላር ነው፤ አሁን ግን ገንዘቡ የሚገባው ለከሳሹ ሆነ። መንግሥት ተቆጣጣሪ ቀጥሮ ደመወዝ ከመክፈል ይልቅ፣ ማንም ዜጋ ከስሶ ቢረታ መቀጫውን ይውሰድ ማለቱ ነው። ነገር ግን በአንቀጹ ውስጥ አንዲት ቃል ተሰነቀረች። ቅጣቱ የሚያገኘው ልጁን «እያወቀ» ያሠራውን ብቻ ነው።

መቼም የሰው ልብ አይታይም። ባለፋብሪካው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የቀጠረው አለቃው ነው» ሊል ነው። አለቃው «አባትየው አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው ብሎኛል» ሊል ነው። አባትየውስ? የልጁ ደመወዝ ከቤት ኪራይና ከዳቦ ጋር የተሳሰረበት ሰው ምን ብሎ ይመስክር? እንዲህ እንዲህ እያለ 50 ዶላሩ ወረቀት ላይ ቀረ።

ከብዙ ትግል በኋላ በ1874 ሴቶችና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች በፋብሪካ በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ተወሰነ። እዚህም ላይ የፊተኛዋ ቃል ዘመድ አልጠፋችም፤ የሚቀጣው ሕጉን «ሆን ብሎ» የጣሰ ነው ተባለ። በ1877 ማሳቹሴትስ በአገሩ የመጀመሪያ የሆነውን የፋብሪካ ቁጥጥር ሕግ አወጣች። በ1879 ደግሞ «ሆን ብሎ» የሚለው ከአንቀጹ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ከሳሹ የአሠሪውን ልብ መመርመር ቀረለት፤ የሥራውን ሰዓት ማስረዳት በቃው። ሕጉ ጥርስ ያበቀለው ያኔ ነው ብንል አልተጋነነም።

ከዚያ በ1912 መግቢያ ላይ የሥራው ሰዓት በሳምንት ከ56 ወደ 54 ሲቀንስ፣ የሎሬንስ ከተማ ባለፋብሪካዎች ደመወዙንም አብረው ቀነሱት። ሠራተኛው አድማ መታ፤ ክረምቱን ታግሎ በመጋቢት ጭማሪ አገኘ። በዚያው ዓመት ክፍለ ግዛቲቱ በአሜሪካ የመጀመሪያውን የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ አወጣች። ታዲያ ቅጣቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የአሠሪው ስም በጋዜጣ ይውጣ! ከተወሰነው በታች የሚከፍል አሠሪ ገንዘብ አይቀጣም፤ ግን ገመናው አገር ያወቀው ፀሐይ የሞቀው ይሆናል። አስገራሚው ነገር፣ ስሙን አላትምም ያለ ጋዜጣ ግን የገንዘብ መቀጫ ነበረበት። በ1924 የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቦስተን ትራንስክሪፕት በተባለው ጋዜጣ ጉዳይ፣ ጋዜጣን እንዲህ ማስገደድ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ሲል ፈረደ። ከኀፍረት ሌላ ጅራፍ ያልነበረው ሕግ ጅራፉም ሳሳበት።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። ዛሬ የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የወንጀል ክስ ሳይመሠርት፣ ደመወዝ ባስቀረ አሠሪ ላይ በጽሑፍ ትእዛዝ የፍትሐ ብሔር መቀጫ መጣል ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋና ሆን ብሎ ያላደረገው እስከ 7,500 ዶላር፣ ከሁሉ የከፋው እስከ 25,000 ዶላር ይቀጣል። አያችሁ፣ የ1842ቷ ቃል ዛሬም አለች። ልዩነቱ ያን ጊዜ አሠሪውን ጨርሳ ነፃ ታወጣው ነበር፤ ዛሬ መቀጫውን ታቀልለታለች እንጂ አታስመልጠውም።

ሠራተኛው ራሱ ሲከስስ ደግሞ ሌላ ትግል ነበር። በ2005 ፍርድ ቤቱ ሦስት እጥፍ ካሣ የሚፈረደው ዳኛው ሲያምንበትና የአሠሪው ድርጊት ክፉ አሳብ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ሲኖርበት ነው አለ። በ2008 የወጣው ሕግ ይህን ሻረ፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ተረትቶ ከተገኘ ሦስት እጥፍ መክፈል ግዴታ ሆነ። ገንዘቡም ለሠራተኛው ነው። በ2022 የሜቱን ከተማ አስተዳደር ላሰናበታት ሠራተኛ የዕረፍት ክፍያዋን፣ ወደ 9,000 ዶላር ገደማ፣ ሦስት ሳምንት አዘግይቶ ስለ ከፈለ ፍርድ ቤቱ ሦስት እጥፉን አስቦ የከፈለው ተቀንሶ ቀሪውን እንዲሰጣት ወሰነ። «ዘገየሁ እንጂ ከፈልኩ» ማለት አላዋጣም።

ለከሳሽ ድርሻ የመስጠቱ የ1842 አሳብም አልሞተም። ካሊፎርኒያ ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ሠራተኛው በመንግሥት ስም ከስሶ ሲረታ ከመቀጫው 25 በመቶው ለተበደሉት ሠራተኞች፣ 75 በመቶው ለመንግሥት ነበር። አሠሪዎች ክስ በዛብን ብለው ሲያማርሩ በ2024 ሕጉ ሲሻሻል፣ ታርሞ ለተገኘ አሠሪ መቀጫው ተቀነሰለት፤ የሠራተኛው ድርሻ ደግሞ ወደ 35 በመቶ ከፍ አለ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት የመቀጫው መብዛት ብቻውን ሕግን ሕግ እንደማያደርገው ነው። ከሳሽ የሌለው 50 ዶላርም፣ ከሳሽ የሌለው 25,000 ዶላርም ያው ባዶ ነው። የሠራተኛው ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ማንም በማያነበው ገጽ ላይ በተቀመጠች አንዲት ቃል ነው። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅጣት አንቀጾቹን ያስቀመጠው ወደ መጨረሻው ነው። ወንድሞችና እኅቶች፣ አዋጁን ስታነቡ ከዚያ ጀምሩ፤ ሦስቱን ጥያቄዎችም ይዛችሁ ግቡ።