ማጠብ፣ ማቃናት፣ ማረም፦ የፎቶ ቃላት ከየት መጡ?

ወልድያም ሆነ መርሳ ፎቶ «ይነሣል»፤ በፊልም ዘመን ደግሞ «ይታጠብ» ነበር። ከግሪክኛ የመጣው ስሙ ብቻ ነው፦ «ፎቶ» ብርሃን፣ «ግራፍ» ጽሕፈት። ግሦቹን አማርኛ ከቤቱ አወጣ። ፊልም በጨለማ ክፍል በአንድ ኬሚካል ምስሉ ይወጣል፤ በሌላ ይጸናል፤ በመጨረሻ በውሃ ይታጠባል። ሰው ታዲያ መጨረሻውን ይዞ ሥራውን ሁሉ «ማጠብ» አለው።

ዛሬ ውሃው ቀርቶ «ኤዲት» ተተካ። የቃሉ ሥር በላቲን «አወጣ፣ ለሕዝብ ሰጠ» ማለት ነው፤ ሐሳቡ ማሳተም ላይ ነው። «አርትዖት» ግን ሌላ መንገድ ይዟል። ግእዝ «ረትዐ» ሲል ቀና ማለቱ ነው፤ «አርትዐ» ደግሞ አቀና። «ፍትሕና ርትዕ» እና «አንደበተ ርቱዕ» የዚሁ ቤተ ዘመዶች ናቸው። ጋዜጦች «አርታኢ» ብለው ቢጽፉትም ሥሩን የጠበቀው አጻጻፍ «አርታዒ» ነው።

መርሳ በምትገኝበት በሰሜን ወሎው ሐብሩ ወረዳ ይህ «ማቅናት» የሚለው ፍቺ ቃል በቃል ይሠራል። ወረዳው ከተራራው ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ስለሆነ ፎቶው ውስጥ ያለው መሬት ያዘነብላል። ተዳፋቱን አግድም ካደረጉት ባሕር ዛፉ ያጋድላል። ስለዚህ ባለሙያው ምስሉን የሚያቀናው በጋራው ጫፍ ሳይሆን በቤት ምሰሶ ወይም በረጋ ውሃ ነው።

ፎቶን ለጓደኞች አሳይቶ ሐሳብ የሚጠየቅባቸው ቃላትም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። «ሂስ» ከግእዙ «ሔሰ» ነው፤ ነቀፈ፣ ነውር አወጣ። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» የስብሰባ ሥርዓት ከሆነ ወዲህ ደግሞ ቃሉን የሰማ ሁሉ መከላከል ይቃጣዋል። «አስተያየት» ለስለስ ይላል። ከ«አሰበ» «አስተሳሰብ»፣ ከ«አጠበ» «አስተጣጠብ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«አየ» «አስተያየት» ይወጣል፦ የማየት ሁኔታ። ሰጪው ፍርድ አይሰጥም፤ እንዴት እንዳየ ይናገራል። «አስተያየቷ ያስፈራል» ስንል የቃሉ የቀድሞ ፍቺ አሁንም አለ።

ሦስተኛው «እርማት» ነው። «አረመ» ጤፍንም ጽሑፍንም የሚያገለግል አንድ ግሥ ነው፤ «ማረሚያ ቤት»ም ከእሱ ወጣ። ማረም ግን አዝመራውን ከአረሙ መለየትን ይጠይቃል፤ በፎቶ ላይ ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ነው።

አንድ የከተማ ፎቶ አንሺ በመስከረም መርሳ አካባቢ የማሽላ ማሳ አነሣ እንበል። በአረንጓዴው መሐል ሐምራዊ አበባ አየና ወደደው፤ ቀለሙን አደመቀ፤ ማሳውንም አስዋበበት። ፎቶውን ያየ የሐብሩ ልጅ ግን አንድ ቃል ይበቃዋል፦ «አቀንጭራ!» በማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን የሚመጠምጥ ጥገኛ አረም ነው። አበባው በታየ ጊዜ ጉዳቱ ከአፈር በታች ተፈጽሟል። ሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ሲታገለው የኖረ ጠላት ነው።

ታዲያ ከፎቶው ይታረም? ገበሬው ከማሳው ይነቅለዋል፤ ፎቶ አንሺው ግን ቢያጠፋው የፎቶው እውነተኛነት ይቀራል። ከፎቶው መታረም ያለበት የካሜራው ሴንሰር ላይ ያረፈው የአቧራ ነጠብጣብና አለቅጥ የደመቀው ሐምራዊ ነው። አቀንጭራው ባለበት፣ በልኩ ቀለም ይቆይ፤ ከሥሩ የሚጻፈው መግለጫም ስሙን ይጥራ።

ቅደም ተከተሉም ከዚህ ይገኛል። ፎቶውን ለጓደኛ ሲያሳዩ «እረምልኝ» ብሎ መጀመር ጓደኛውን ጉድለት ፍለጋ ይሰደዋል። «ምን አየህ?» ቢባል ግን የሐብሩ ልጅ አበባ ሳይሆን የተጎዳ ማሽላ እንዳየ ይናገራል፤ ምን መታረም እንዳለበት የሚታወቀውም ከዚያ በኋላ ነው።