በልክ የተሰፋ ጉዞ፦ ሦስት ትውልድ በሀርጌሳ አየር ማረፊያ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ መዋጮውና ስለ ዕድሩ ሌሎች ወንድሞችና እኅቶች ስለሚጽፉ፣ እኔ ደግሞ ሁላችንም የምናደርገውን፣ ግን ታሪክ አለው ብለን አስበን የማናውቀውን አንድ ጉዳይ ላንሣ። ይኸውም አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድነት ሆነው ወደ ውጭ አገር ለዕረፍት የሚያደርጉት ጉዞ ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው።

በሀርጌሳ አየር ማረፊያ መውጫ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይህን ታሪክ በዓይኑ ያየዋል። ከአዲስ አበባው አውሮፕላን ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ይወርዳሉ። በእጃቸው ለማንም የማያስይዙት የበርበሬና የሽሮ ፌስታል አለ። በዱባይ በኩል ደግሞ ከለንደን ወይም ከቶሮንቶ የተነሡ የልጅ ልጆች ይመጣሉ። አያቲቱ አገላብጠው ሲስሟቸው ልጆቹ ስንት ጊዜ እንደሚሳም ግራ ገብቷቸው አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ ያደርጋሉ። መካከል ላይ የቆመው የእኛ ትውልድ ነው፤ ሁለቱንም ያስተረጉማል፣ ሻንጣ ይቆጥራል፣ ሒሳብ ይከፍላል።

ለመሆኑ አባቶቻችን ከነቤተሰባቸው የት ይጓዙ ነበር? ለዕረፍት ብሎ አገር አቋርጦ የሚሄድ ሰው ብዙ አልነበረም። ንግድ፣ ጦርነት፣ ወይም ስለት ነበር የሚያንቀሳቅሰው። ከሐረር ወደ ዘይላና ወደ በርበራ የሚወርደው የሲራራ መንገድ የነጋዴ መንገድ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ከዘይላ ተነሥቶ በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባውም በዚያው የሲራራ አገር አቋርጦ ነው። ሽማግሌውም ሕፃኑም በአንድነት የሚጓዙበት መንገድ ግን ወደ ንግሥ የሚወስደው ነበር። ለእኛ ለምሥራቅ ሰዎች የቅርቡ ምሳሌ ቁልቢ ገብርኤል ነው። ራስ መኮንን ከአድዋ ድል በኋላ ወዳሠሩት ወደዚያ ደብር ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ምእመናን ከየአገሩ ይጎርፋሉ። በሶውና ዳቦ ቆሎው አስቀድሞ ይዘጋጃል፣ ማን በበቅሎ ማን በእግር እንደሚሄድ ይመከራል። መሄድ የማይችለው እንዲቀመጥ፣ ቶሎ የሚደክመው ከፊት እንዲሆን ይደረጋል። ዛሬ የጉዞ ወኪሎች «ለቤተሰቡ በልክ የተዘጋጀ ጉዞ» የሚሉት ነገር ለእናቶቻችን አዲስ አልነበረም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ካደረገ በኋላ ሩቁ አገር ቀረበ። ይሁን እንጂ በአውሮፕላን የሚሄደው ባለሥልጣን፣ ነጋዴና ተማሪ እንጂ ቤተሰብ አልነበረም። በደርግ ዘመን ደግሞ ያለ መውጫ ቪዛ ከአገር መውጣት አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎች በእግር በረሃ አቋርጠው ወጡ። አያት አንድ አገር፣ ልጅ ሌላ አገር፣ የልጅ ልጅ ሦስተኛ አገር የሆነው ያኔ ነው። እንግዲህ የዛሬው የሦስት ትውልድ ዕረፍት የተወለደው ከመለያየት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚህ በኩል የሀርጌሳ ሰው ከእኛ የባሰ አይቷል። በ1980 ዓ.ም. ግንቦት ወር መጨረሻ በከተማዪቱ ጦርነት ሲነሣ፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ከዚሁ አየር ማረፊያ እየተነሡ ይህችኑ ከተማ ደበደቡ። ዛሬ መሐል ከተማ ባለው ሐውልት ላይ የተሰቀለው ሚግ የዚያ መታሰቢያ ነው። ሕዝቡ ሽማግሌውንና ሕፃኑን ይዞ በምዕራብ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። ከጅጅጋ ወዲህ ያለው የሀርትሼክ የስደተኞች ሠፈርም በዓለም ካሉት ትልልቅ ሠፈሮች አንዱ ሆነ፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። ብዙ የሀርጌሳ ሰዎች አማርኛ የሚያውቁት ከዚያ ዘመን ነው። ገበያ ውስጥ አንዲት እናት በአማርኛ «ደህና ነሽ ወይ?» ብለው ሲጠይቁን የምንደነግጠው ይህን ስለምንረሳ ነው።

ሶማሊላንድ ነፃነቷን ያወጀችው ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ከዚያ በዐሥረኛው ቀን ነበር። ሁለት አገሮች በአንድ ወር ውስጥ ዘመን ለወጡ፤ በሁለቱም በኩል የተበተነ ቤተሰብ መፈላለግ ጀመረ። አየር ማረፊያውም ከ1985 ዓ.ም. አንሥቶ ሶማሊላንድን በፕሬዚዳንትነት በመሩትና በ1994 ዓ.ም. ባረፉት በመሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋል ስም ተሰየመ፤ በኋላም በኩዌት እርዳታ ታድሶ በ2005 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። በዚሁ በ1994 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የመታወቂያ ካርድ ፈቀደች። ቢጫው ካርድ የምንለው እርሱ ነው፤ የውጭ ፓስፖርት የያዘ ልጃችን ያለ ቪዛ አገሩ እንዲገባ አደረገው። በ2000 ዓ.ም. ሚሊኒየም ስንቱ ቤተሰብ ካርዱን ይዞ እንደገባ ሁላችንም እናስታውሳለን።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ የቀረው ችግር የዕቅድ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። አንድ ዓመት ባለቤቴና እኔ፣ ከቶሮንቶ የመጡት ወንድሜና ልጆቹ፣ እናታችንም ጭምር ሆነን የዐሥር ቀን ጉዞ አሰናዳን። አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሐረር ጀጎል፣ ጅጅጋ፣ ቶጎ ውጫሌ፣ ሀርጌሳ፣ ከዚያም በርበራ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምር ነበር። ገና ከመነሻው እናታችን ቲኬቱ ላይ ያለውን 9:00 እንደ አገራችን ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ብለን ነግረናቸው ኖሮ፣ አውሮፕላኑ ከሄደ ከስድስት ሰዓት በኋላ አየር ማረፊያ ደረሱ። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የማንም አልነበረም። በስንት ልመና ሌላ ቀን ተሳፈሩ። በሦስተኛው ቀን የመኪና መንገድ ደግሞ ጅጅጋ ላይ ታመው ተኙ። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ይቅርታ ስጠይቅ፣ «ልጄ፣ አገር ለማየት አልመጣሁም፤ እናንተን ለማየት ነው የመጣሁት» አሉኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ጉዞውን በእርሳቸው ልክ ሰፋነው። ከአዲስ አበባ ሀርጌሳ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ ስለዚህ እርሳቸው በቀጥታ መጡ። ከወጡበት ቤትም ሌላ ቦታ አላደሩም። ልጆቹ ግን ጧት ተነሥተው ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ላስ ጌልን አይተው ይመለሱ ነበር። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ1995 ዓ.ም. ለዓለም ያሳወቁት የከብት ሥዕል ያለበት ዋሻ ነው፤ ፈቃዱንና አጃቢውን አስቀድመን ጠይቀን ነበር። ማታ ማታ ቡናው ይፈላል፤ ልጆቹ ያዩትን ላም በእጃቸው እየሣሉ ያሳዩአቸዋል። ቋንቋ ባይግባቡም በዚያ ተግባቡ። እናታችን ከዚያ በኋላ አልተጓዙም። ያን ጉዞ ባንደግመው ኖሮ የሚቀርብን የጅጅጋው አልጋ ብቻ ነበር።

ለማትረሱት ያህል ጥቂት ነገር ልጨምር። በመጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ። ውጭ ያሉት ልጆች ረጅም ዕረፍት የሚያገኙት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ክረምት ነው፣ በርበራ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የፈረንጅ ገና ዕረፍት ይሻላል፤ የታኅሣሥ ገብርኤል ይደርሳል፣ የእኛ ገና ግን ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ነው። ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለሆነ ለእናቶች የጾም ምግብ ይታሰብ። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ቀን ምግብ ቤት እንደማይከፈት አስቀድማችሁ ለልጆቹ ንገሩ፤ በማንኛውም ጊዜ የአገሩን የአለባበስና የመጠጥ ክልከላ ያክብሩ።

ሁለተኛ ፓስፖርቶቹን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚሆን የኢትዮጵያ ቪዛ የያዘ ልጅ ሀርጌሳ ደርሶ ሲመለስ ሌላ ቪዛ ያስፈልገዋል። የእኛ ስም ደግሞ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስላልሆነ አያት፣ እናትና ልጅ በሦስት ልዩ ልዩ ስም ይጓዛሉ፤ የልደት ወረቀት ብትይዙ ከብዙ ጥያቄ ትድናላችሁ።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አያቲቱን «ምን ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ የመጀመሪያውን ጊዜ ሁሉን ሰው ስንጠይቅ እርሳቸውን ረስተናቸው ነበር።

አውሮፕላን ለጥፋት ይነሣበት የነበረው ሜዳ ዛሬ አያትና የልጅ ልጅ የሚገናኙበት ሆኗል። ማኅበራችንም በዚያው በር ላይ እንግዳ ሲቀበልና ሲሸኝ ነው እዚህ የደረሰው። ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ እግዚአብሔር ከነእናቶቻችን ያድርሰን።