ከሶዶ እስከ ሱስዋ

እስቲ ቀረብ በሉ፤ ቡናው እስኪፈላ የሐዲድ ወሬ ላውጋችሁ። ወሬው የባቡር ይሁን እንጂ የማወራው ባቡር ካልደረሰበት አገር፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከወላይታ ሶዶ ነው።

ዘመኑ 1886 ነው። አጤ ምኒልክ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ውል ሰጡት። ኢልግም ፈረንሳዊውን ሊዮን ሸፍኔን አጋር አድርጎ ሥራውን ያዘ። ውሉ የ99 ዓመት ነው፤ ሐዲዱም በሦስት ተከፍሏል። አንደኛው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ ተነሥቶ ከፋን አቋርጦ ነጭ ዓባይ ድረስ! ልብ አላችሁልኝ? ደቡብ ምዕራቡ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር።

ውሉ በተፈረመ በዓመቱ፣ በ1887፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ወላይታ ዘመቱ። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ። ጦሩ በእግር እንደመጣ ምርኮኛና ከብት እየነዳ በእግር ተመለሰ። ቫንደርሄም የሚባል ፈረንሳዊ አብሮ ዘምቶ ነበርና ያየውን በመጽሐፍ አሳትሞታል። እንግዲህ ለደቡቡ ሐዲድ በወረቀት፣ ጦር በአካል ደረሰው ማለት ነው።

ወደ ባቡሩ እንመለስ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ ለመድረስ አምስት ዓመት ፈጀበት። የሐረር ሰው ባቡሩን ሲጠብቅ ሐዲዱ ተራራውን ፈርቶ በቆላው አለፈ፤ ድሬዳዋም በዚያ ሰበብ ተቆረቆረች። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ተናቆሩ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ። አዲስ አበባ ሲገባ 1909 ሆኗል። ሦስተኛው ክፍል ግን ሳይነካ ቀረ።

ወላይታ ባቡርን አላየም ማለቴ አይደለም። መሬት የጠበበው ጎልማሳ ሸንኮራ ሊቆርጥ፣ ጥጥ ሊለቅም ወደ አዋሽ ሸለቆ ሲወርድ ኖሯል። ባቡሩ በመተሐራ በኩል ያልፋልና የብዙው ሰው የመጀመሪያ ባቡር የዚያ መስመር ይመስለኛል። በ1950ዎቹም የሲዳሞን ቡና ለማውጣት ከናዝሬት እስከ ዲላ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ይዘርጋ ተብሎ ተጠንቶ ነበር። እሱም በጥናት ቀረ።

በ1985 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር በሯን አጣች። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ደግሞ አሰብ ተዘጋና ገቢና ወጪው ዕቃ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ ላይ ወደቀ። የወላይታ ገበሬ በቆሎው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ከመርከብ ይራገፋል፤ ከዚያ በአብዛኛው በተሳቢ በረሃውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ በአይሱዙ ተከፋፍሎ ቀበሌ ይደርሳል። ዝንጅብሉና አቮካዶው በአይሱዙ ይወጣል። የእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ናፍጣ በመጨረሻ ከገበሬው ኪስ ነው።

ስለዚህ በ2000 የምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ሲቋቋም፣ በ2003 የእድገትና ትራንስፎርሜሽኑ ዕቅድ ሲወጣ፣ ተስፋው ትልቅ ነበር። አገሪቱን በሐዲድ የሚያያይዝ ካርታ ተሠራ። አንደኛው መስመር ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርጎ ወደ ሞያሌ የሚሄድ ነው። ከሻሸመኔ አርባ ምንጭ የሚወስደው አስፋልት አላባ ቁሊቶን አልፎ ሶዶን ነው የሚያገኘው። በ2004 ደግሞ የኢትዮጵያው መለስ ዜናዊ፣ የኬንያው ሙዋይ ኪባኪና የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር በኬንያዋ የባሕር ዳርቻ ላሙ ላይ ተገናኝተው የወደቡን የመሠረት ድንጋይ አስቀመጡ። ሁለተኛ ባሕር በሞያሌ በኩል ይመጣል ተባለ።

አሁን ነው ወሬው የሚጥመው። 2009 ጉደኛ ዓመት ነበር። በመስከረም የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። በታኅሣሥ ወላይታንና ዳውሮን በሚለየው ኦሞ ላይ የጊቤ ሦስት ኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ 1,870 ሜጋ ዋት። በግንቦት ኬንያ ከሞምባሳ ናይሮቢ አዲሱን ባቡሯን አስጀመረች፤ በ2012ም ሐዲዱን ሱስዋ አደረሰችው።

ሱስዋን ያዙልኝ። ከወላይታ ሶዶ የሚነሣ 500 ኪሎ ቮልት መስመር አለ። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚያርፈው የት ነው? ሱስዋ! በ2015 ኃይል መሸጥ ጀመረ። እዚያ ያለው ባቡር ደግሞ በናፍጣ ነው የሚሄደው። ሽቦው የሚያርፍበት ባቡር ሽቦውን አይነካም፣ ሽቦው የሚነሣበት ባቡር የለም። እዚሁ አገራችን በኮምቦልቻ በኩል ደግሞ ሐዲዱ ተነጥፎ መብራት ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ። ይህን እኔ ፈጥሬ ባወራው ማን ያምነኝ ነበር?

ለምን ሆነ ብትሉ፣ ሽቦ ወዲያው ይሸጣል፤ ገዥው ዶላር ይከፍላል። ሐዲድ ግን ጭነት እስኪለምደው ገንዘብ ይበላል። የጅቡቲው መስመር በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ተሠርቶ ገቢው ከዕዳው አልመጣጠን ቢል፣ በ2010 ማብቂያ የመክፈያው ጊዜ በ20 ዓመት ተራዘመ። ከዚያ ወዲያ ለሌላ መስመር ማን ደፍሮ ያበድር? ቢሆንም አንድ ነገር ልናገር። ባሕር የሌለው አገር አንድ ሐዲድ ወደ አንድ ወደብ ዘርግቶ ቢያቆም ያሳጠረው መንገዱን እንጂ ጥገኝነቱን አይደለም። ላሙ በ2013 የመጀመሪያ መርከቡን ተቀብሏል፤ የሚጎድለው በእኛ በኩል ያለው ነው።

ከሞጆ ሶዶ በአስፋልት 300 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ያ የመጀመሪያው ባቡር በአምስት ዓመት ከጅቡቲ ድሬዳዋ የሄደውን ያህል። ችግሩ ሶዶ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ የዳሞታ ወገብ ላይ መቀመጧ ነው። ሐዲድ ዳገት አይወድም። መሐንዲሱ ቀና ብሎ አይቷት በቆላው፣ በሁምቦ በኩል ቢያልፍ አይፈረድበትም። ያን ጊዜ ሶዶ እንደ ሐረር ትከፋ ይሆናል፤ ባጃጆቿ ግን ሥራ አያጡም።